መውደቅን ያስተማራት ሰው

የጥርስ ሐኪሟ ሰውየውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ሲወድቅ ነው። አንዲት ክንደ ቀጭን ተማሪ እጁን ይዛ ዞር አለች፤ ረጅሙ ሰውዬ አየር ላይ ተጠቅልሎ ምንጣፉ ላይ አረፈ። ድምፁ ትራስ ሲወድቅ ከሚሰማው አይበልጥም። ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሥቶ ልብሱን አስተካከለና፣ «ጥሩ ነው፤ ትከሻሽን ግን አላላሽውም» አላት። ሐኪሟ በሩ ላይ ቆማ መምህሩ የትኛው ይሆን ብላ በዓይኗ እየፈለገች ነበር። የወደቀው ሰውዬ መሆኑን ስታውቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የተታለለች መሰላት።

ወደዚያ አዳራሽ ያመጣት የራሷ ፍላጎት አልነበረም። ከክሊኒኳ ወጥታ ወደ መኪናዋ ስትሄድ አንድ ሌባ ቦርሳዋን ሲነጥቃት ማንጠልጠያው ክንዷ ላይ ተጠምጥሞ ኖሮ አስፋልቱ ላይ ጎትቷታል። ትከሻዋ ዳነ፤ ፍርሃቱ ግን አልዳነም። ከኋላዋ ኮቴ በሰማች ቁጥር ጀርባዋ ይደርቃል። የመንጋጋ ጥርስ ሲነቅል የማይንቀጠቀጥ እጇ የመኪና ቁልፍ ማስገባት እያቃተው መጣ። ይህን ልብ ያለችው የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ናት። እሷ ራሷ አይኪዶ የሚባለውን የጃፓን ራስን የመከላከል ስልት ትማር ነበርና፣ ዛሬ ነገ እያለች ስታሾፍባት የከረመችውን አለቃዋን አንድ ቀን እየጎተተች ወሰደቻት።

ሰውየውን ተማሪዎቹ «ስፖንጁ» ይሉታል። ቀን ቀን ሶፋ ስለሚያድስ ልብሱ ላይ የስፖንጅ ፍርፋሪ አይጠፋም፤ ሲወድቅ ደግሞ እንደ እሱ ድምፅ የማያሰማ የለም። የአዳራሹን ምንጣፍም የሰፋው ራሱ ነው።

ሐኪሟ መማታት ነበር የፈለገችው። ቡጢ መቼ እንደሚጀመር ስትጠይቀው አልተቀየመም።

«ቡጢም ጥሩ ነው» አላት። «ካራቴ የሚያስተምር ወዳጅ አለኝ፤ ከፈለጉ ላስተዋውቅዎት። እዚህ ግን መጀመሪያ የሚማሩት ሳይጎዱ መውደቅን ነው። የጎዳዎት ሌባው ሳይሆን አስፋልቱ ነበር እኮ።»

ይህ አባባሉ ከአእምሮዋ አልወጣ አለ። ተመልሳ መጣች። ለሳምንታት ወደ ፊት ወደቀች፣ ወደ ኋላ ወደቀች፣ አገጯን ደረቷ ላይ አድርጋ ተንከባለለች። ከዚያም ከሚመጣባት ሰው መንገድ ዞር ማለትን፣ የተያዘ እጅን ሳይጎትቱ ማስለቀቅን፣ የመጣውን ሰው ጉልበት ከመግፋት ይልቅ አብሮ ሄዶ ማብረድን ተማረች። ከሁሉ ይበልጥ ደጋግሞ የሚያስተምራቸው ግን ምንጣፍ የማያስፈልገውን ነው። መንገድ ላይ ቀና ብሎ ማየት፣ ሰው ሲጠጋ ርቀትን መጠበቅ፣ ድምፅን ማሰማት፣ መውጫ ካለ መውጣት። አንድ ምሽት መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ካስነሣች በኋላ፣ እስከዚያ ድረስ አንድ ጊዜም ዞር ብላ ኋላዋን እንዳላየች ትዝ አላት። መሪው ላይ ግንባሯን ደፍታ ብቻዋን ሳቀች።

ፍቅሩ የተጀመረው ግን አዳራሹ ውስጥ አይደለም። የክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ወንበሮች ጨርቃቸው አልቆ ስለነበር እንዲያድሳቸው ጠራችው። እሱ መሬት ላይ ተቀምጦ የቆየውን ጨርቅ ሲገሸልጥ፣ እሷ በክፍት በር ከወዲያ አፋቸውን አልከፍትም ካሉ አንዲት አዛውንት ጋር ትሟገት ነበር። መሟገት እንኳ አይባልም። እጃቸውን ይዛ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ጠየቀቻቸው፤ ሴትየዋ ሲያወሩ አፋቸው ተከፈተ፤ በዚያው ሥራዋን ጀመረች። ቀና ስትል ሰውየው መቀሱን ይዞ እጇን እያየ ነው። ዓይኑን ቶሎ አልሰበረም።

ታካሚዋ ከሄዱ በኋላ መጥቶ፣ «አትገፊም» አላት። «ይህን ደግሞ እኔ አላስተማርኩሽም።»

እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ነበረች። «አንቺ» ማለቱን ሁለቱም እኩል ሰሙት። እሱ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ እሷም ልታርመው አልፈለገችም። ጓንቷን አውልቃ እስክትጥል ድረስ ሰውነቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲሞቅ ተሰማት።

የሐኪሟ አባት ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። እናቷ ካረፉ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ቤት ውስጥ ሐኪም መሆኗ የሚታወቅ አይደለም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሚሚ ናት። ሚሚ ሰውየውን ሻይ ጋብዛ ከአባቷና ከታላቅ ወንድሟ ጋር ልታስተዋውቀው ስትነሣ ያለ የሌለ ድፍረቷን አሰባስባ ነበር። ወንድሟ መሐንዲስ ነው፤ የሰውን ሥራ ሳይጠይቅ ሰላም የማይል ዓይነት። ሰውየው ሶፋ እንደሚያድስና ምሽት ላይ ራስን መከላከል እንደሚያስተምር ተናገረ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «በወንበር ላይ በነበርኩበት ዘመን ‹ራሴን ስከላከል ነው› ያላለኝ ደብዳቢ አላጋጠመኝም» አሉ። ቀጥለውም ረጋ ብለው ጠየቁት። «አንድ ሰው ልጄን ሊመታት ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?»

«መንገድ ካለ ይዣት እሄዳለሁ።»

«ትሸሻለህ ማለት ነው።»

«አዎ፣ መንገድ ካለ።»

ወንድሟ ሻዩ ላይ አቀርቅሮ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። እንግዳውን በክብር አመስግነው ሸኙት፤ በማግስቱ ግን ለልጃቸው ቁርጡን ነገሯት። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ነገር ግን ሐኪም ያደረጓት ለሶፋ ሰፊ ሊድሯት አይደለም፤ እሳቸው እያሉ ይህ ነገር እንዳይነሣ። ሚሚ ሰውየውን አልተወችውም። እንደ ልጅ ተደብቃ መገናኘቷ ግን ያሳፍራት ነበር።

ነገሩን ያበላሸው ሌላ ቀን ነው። ከምሳ በኋላ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ሲሄዱ ሁለት ወጣቶች ቆሙባቸው። አንደኛው ቢላዋ ይዟል። ሰውየው ሁለት እጁን ከፍቶ አነሣና ጎረቤቱን እንደሚያናግር ሰው ዝግ ባለ ድምፅ ያወራቸው ጀመር። ስልኩን ሰጠ፤ የእሷንም ቦርሳ ተቀብሎ ሰጠ። በዚህ ሁሉ መሐል በእነሱና በእሷ መካከል እንደቆመ ቀስ በቀስ ወደ ጎን ይሄድ ነበር። ሱቆቹ ያሉበት ጋ ሲደርሱ እጇን አፈፍ አድርጎ ሮጠ። አንድ ጫማዋ ወልቆ ቀረ።

ሱቁ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ያያቸዋል። ሚሚ እያለከለከች፣ «የተማርከው ሁሉ ለዚህ ነው?» አለችው።

«ቢላዋ ይዞ ነበር። አንቺም ከኋላዬ ነበርሽ።»

«አባቴ እውነቱን ነበር።»

ሰውየው ልጆቹ መሄዳቸውን አረጋግጦ ተመለሰና ጫማዋን አምጥቶ እግሯ አጠገብ አስቀመጠላት። አጎንብሶ ሲያስቀምጠው አንገቱን አየችው፤ በላብ ርሷል። ያኔ አንዲት ደግ ቃል ብትናገር ኖሮ! ግን ሰው እያየ ነው፤ እፍረቷ በለጠ። ታክሲ ጠርታ ሄደች፤ ታክሲው ውስጥ ያለቀሰችው ስለ ቦርሳው አልነበረም።

ወንድሟ ታሪኩን ሲሰማ የገበታ ቀልድ አደረገው። «የሩጫ አሰልጣኝ ነው እንዴ?» ይላል፣ እየሳቀ። ሚሚ አንድ ቀን እንኳ አልተሟገተችለትም። አዳራሹንም አቋረጠች። ከሰውየው የደረሳት አንድ አጭር መልእክት ብቻ ነው፤ «መውደቅ ይረሳል። ከእኔ ጋር ባይሆንም ተለማመጂ» ይላል። መልስ አልሰጠችውም። መኝታ ቤቷን ዘግታ ግን ፍራሹን መሬት ላይ አውርዳ ትወድቅ ነበር። ከተነሣች በኋላ ደረቷ ላይ የሚቀረው ክብደት ከመውደቁ አልነበረም።

በዚያ መሐል የዳኛው ነገር እየከፋ ሄደ። መጀመሪያ መነጽራቸው ፍሪጅ ውስጥ ተገኘ። ከዚያ ያረፉትን ሚስታቸውን ከገበያ ቀሩብኝ ብለው በር ላይ ቆመው መጠበቅ ጀመሩ። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ መሆኑን ነገራቸው። ጠዋት ጠዋት አእምሯቸው እንደ ድሮው ነው፤ ጋዜጣ አንብበው የጸሐፊውን ሰዋስው ይተቻሉ። ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ወንድሟ አረጋውያን የሚጦሩበት ተቋም እንፈልግ ሲል ሚሚ በዓይኗ አስቆመችው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አባቷን ቀን ቀን የምትረዳቸው ሴት ገና እንደወጣች፣ ሚሚ የገበያ ዕቃ ይዛ በሩን ከፈተች። አባቷ ኮሪደሩ መሐል ቆመዋል። ከዘራቸውን የያዙት ተደግፈውት ሳይሆን ከፍ አድርገው ነው።

«ማነሽ አንቺ?»

«እኔ ነኝ አባዬ። ሚሚ።»

«ውሸታም። ሚሚ ሕፃን ናት።» ከዘራውን ወደ እሷ አዞሩ። «ልጄን የት አደረስሻት?»

ከዘራው ሲወርድ ክንዷን አነሣች፤ ክንዷ ላይ አረፈ። ሕመሙ እስከ ጥርሷ ድረስ ተሰማት። ዕቃው ተበተነ። በሩ ከኋላዋ ክፍት ነው፤ መሸሽማ ትችል ነበር። ነገር ግን ከወጥ ቤቱ የጋዝ ሽታ ይመጣል፤ ምድጃውን ከፍተው ሳይለኩሱት ረስተውታል። ትታቸው ብትወጣ የሚሆነው አይታወቅም። ገፍታቸው ብታልፍ ደግሞ በእሳቸው ዕድሜ መሬቱ ላይ የሚሰበረው ዳሌ ተመልሶ አይገጥምም።

ከዘራው እንደገና ተነሣ። ሚሚ ወደ ኋላ አልሄደችም። ከከዘራው ወደ ውስጥ፣ ወደ አባቷ ጎን ገባች፤ የሚወርደውን ክንድ ከላይ ተቀብላ አብራው ወረደች፤ አብራቸው ዞረች። ለአፍታ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ሆኑ። ከዘራው ከእጃቸው አምልጦ ተንኳኳ። አባቷ ሚዛናቸውን ሲለቁ ክብደታቸውን በጭኗ ተቀበለችው፤ አንድ እጇን ከራሳቸው ጀርባ አድርጋ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠቻቸው። ሮጣ ጋዙን ዘጋች፤ መስኮቶቹን ከፈተች፤ ተመለሰች።

ዳኛው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። «ልጄን» ይላሉ፣ «ልጄን ምን አደረጋችኋት?»

ያን ጊዜ ሚሚ ነገሩ ገባት። አባቷ የተጣሉት እሷን ለማዳን ነው። አጠገባቸው ቁጭ ብላ እጃቸውን ያዘች፤ እንደ ባዕድም አናገረቻቸው።

«ልጅዎ ደኅና ናት። ተኝታለች። ማንም አልነካትም።»

«ተኝታለች?»

«አዎ፣ ተኝታለች።»

ትንፋሻቸው ዝግ አለ። ትከሻቸው ወረደ። «እንግዲያው ቀስ ብለሽ አውሪ» አሏት በሹክሹክታ፣ «እንዳትቀሰቅሻት።»

ሚሚ በሌላው እጇ አፏን ይዛ፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

ወንድሟ ሲደርስ ያበጠ ክንዷን አይቶ ጮኸ። በር ይቆለፍባቸው፣ ዛሬውኑ ይወሰዱ አለ። እሷ አባቷን ሳሎን አስቀምጣ ሸሚዛቸውን ሰብስባ አሳየችው። አንድ ቦታ አልተቧጨሩም። ገፍታቸው ቢሆን ኖሮ አሁን ሆስፒታል እንደሚሆኑ ነገረችው። ከማን እንደተማረችው አልጠየቃትም፤ ያውቀዋል። 

ሰኞ በምሳ ሰዓት ወደ ሶፋ ማደሻው ሄደች። ሰውየው የአንድ አሮጌ ሶፋ ሆድ ከፍቶ የዛጉ ምስማሮች እየነቀለ ነበር። ክንዷን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ማን እንደሆነ ጠየቃት። ያልተሸፈነ ስፖንጅ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው፤ ልጅዎ ተኝታለች ያለችበት ላይ ስትደርስ ንግግሯ ተቋረጠ። እሱም ፒንሳውን አስቀምጦ እስክትቀጥል ጠበቃት።

«ያን ቀን ለምን እንደሮጥን አሁን ገባኝ» አለች።

«ቢላዋ የያዘው ልጅ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር» አላት ሰውየው። «ብይዘው ኖሮ ከመካከላችን አንዱ ይጎዳል። ማን እንደሚሆን ደግሞ እኔ አልመርጥም። እኔ ቤትሽ እንድትገቢ ብቻ ነበር የፈለግኩት።»

«ለምን ያኔ አልነገርከኝም?»

«ባዶ እግርሽን ቆመሽ ነበር። የማስተምርበት ሰዓት አልነበረም።»

ሚሚ ይቅርታ ልትጠይቀው ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ሁሉም ጠፋባት። «በድዬሃለሁ» ብቻ አለች። እሱ መዳፉን ያበጠው ክንዷ ላይ ሳያሳርፍ፣ ሙቀቱ ብቻ እስኪሰማት አስጠጋው። ከዚያ በላይ ቀርቧት የሚያውቅ ሰው የለም።

ወደ ቤት እንዲመጣ ለመነችው። ከሰዓት በኋላ ቢመጣ አባቷ አያውቁትም፤ እምቢ ማለታቸውንም አያስታውሱም። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«እምቢ ያሉኝ እያወቁ ነው» አለ። «ሲረሱ ተደብቄ አልገባም። ጠዋት እመጣለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት መጣ። ዳኛው በረንዳው ላይ ጋዜጣ ይዘው ተቀምጠዋል። ገና ሲያዩት ዓይናቸው ነቃ አለ፤ አወቁት። ወንድሟም ከበሩ አጠገብ ቆሟል፤ ያን ቀን ግን ቀልድ አልነበረውም። ሚሚ አባቷ አጠገብ በርከክ ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። የሆነውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻቸው።

ዳኛው የበለዘውን ክንድ ለረጅም ጊዜ አዩት። «እኔ ነኝ?» አሉ።

«አዎ አባዬ። ግን ልታድነኝ ብለህ ነው።»

የገዛ እጃቸውን ገለባብጠው መረመሩ። አንድም ጭረት የለውም። ይህ ከክንዷ ይልቅ እንዳሳመማቸው ፊታቸው ላይ ታየ። ወደ ሰውየው ዞሩ።

«አንተ ነህ ያስተማርካት?»

«መውደቅን አስተማርኳት፣ አባቴ። እርስዎን አለመጣል የራሷ ነው።»

«አሁንም እምቢ ብልህስ?»

«እሄዳለሁ። እርስዎን ሳይጎዱ እንዴት እንደሚይዙዎት ግን ለወንድሟም አሳይቼ ነው የምሄደው።»

ዳኛው ጋዜጣውን አጠፉት፤ እንደገና አጠፉት። ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገና አንገቱን ደፋ። ዳኛው ሲናገሩ ድምፃቸው የድሮው፣ የችሎቱ ድምፅ ነበር።

«ከእንግዲህ ይህ ሕመም የት እንደሚወስደኝ አላውቅም። ልጄን ደግሜ ልመታት እችላለሁ። አጠገቧ እንዲሆን የምፈልገው እኔን የሚመታ ሰው አይደለም፤ እሷንም እኔንም የሚያተርፍ ነው።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ፈቅጃለሁ። ከሰዓት በኋላ ላላውቅህ፣ ከቤቴም ውጣ ልልህ እችላለሁ። እንዳትሰማኝ። ቃሌ ብለህ የምትይዘው የዛሬ ጠዋቱን ነው።»

ሰውየው አጎንብሶ ጉልበታቸውን ሳመ። ቀና ሲል ዓይኑ ከሚሚ ዓይን ጋር ተገናኘ፤ እንባ ነበረበት፤ አልደበቀውም።

ሚሚ ይህን ቀን ስንት ጊዜ አስባዋለች! ሲመጣ በደስታ እንደምትዘል ነበር የሚመስላት። አሁን ግን አባቷ እየፈቀዱላት ብቻ ሳይሆን፣ ገና አእምሯቸው ሳለ እየተሰናበቷት መሆኑ ገባት። ራሷን ጭናቸው ላይ አስደገፈች። ፀጉሯን ሲዳብሷት፣ በሌላ በኩል ደግሞ ያ ሳይጫን የሚይዝ መዳፍ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ደስታውና ሐዘኑ አንዱ ሌላውን ሳይገፋ አብረው ደረቷን ሞሉት፤ ሁለቱንም እንደ መጡ ተቀበለቻቸው።